የመጀመሪያ ቤት ገዢ

(ሚሺጋን። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሊያልፍ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በረዶው ግን ዘንድሮም ከደጅ አልነሣም ብሏል። በአርባ ስድስት ዓመቱ ከእናቱ ምድር ቤት ወጥቶ የማያውቀው ቨርነን ዛሬ የቤት ባለቤት ነኝ ብሎ ሶፋው ላይ ተጎልቷል። ፊት ለፊቱ መንገድ ጠራጊው ሌላንድ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የግብሩን ቅፅ እንደ ሐኪም ውጤት እየፈራ ያየዋል።)

ቨርነን፦ የገዛኸው ተጎታች ጎማ አለው ወይስ የለውም?

ሌላንድ፦ አለው… ግን ተንፍሷል።

ቨርነን፦ ቢተነፍስስ! ጎማ ያለው ነገር መኪና ነው። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለገዛ ሰው ገንዘብ እመልሳለሁ አለ እንጂ፣ ተጎታች ለገዛ መች አለ?

ሌላንድ፦ እኔ እኮ እዚያ ነው የምተኛው።

ቨርነን፦ ውሻዬም መኪናዬ ውስጥ ይተኛል። ቅፅ ልሙላለት?

ሌላንድ፦ (ከልቡ አስቦ) ውሻህ ግብር ይከፍላል እንዴ?

ቨርነን፦ ኧረ ፈጣሪዬ፣ ምን አድርጌህ ነው!

ሌላንድ፦ አትቀልድብኝ ቨርን። በሃያ አንድ ሺህ ዶላር ነው የገዛሁት። ከአሥር እጅ አንዱን ቢመልሱልኝ ማሞቂያ አስገባበት ነበር። ዶሪን በዚህ ብርድ አልሞትም ብላ እህቷ ዘንድ ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ማሞቂያው ካልገባ አትመለስም።

ቨርነን፦ ብልህ ሴት! ቆርቆሮ ትታ ቤት ገባች።

(ሌላንድ «ቆርቆሮ» የምትለዋን ቃል ዋጣት። ሚስቱ ዶሪንም በሩን ዘግታ ስትወጣ «ቆርቆሮህን ታቀፍ» ነበር ያለችው።)

ቨርነን፦ አየህ፣ ቤት የሚገዛው በጭንቅላት ነው። እኔ ይህን ቤት ከማን ገዛሁ?

ሌላንድ፦ ከእናትህ።

ቨርነን፦ በስንት?

ሌላንድ፦ በሰማንያ ሺህ።

ቨርነን፦ መንግሥት ስምንት ሺህ ይመልስልኛል! እናቴ ላይ ቤት፣ እኔ እዚሁ ታች። አንድ ማንኪያ እንኳ ቦታ አልቀየረም። ከሰማይ ዱብ ያለ ስምንት ሺህ!

ሌላንድ፦ ጭንቅላትስ ጭንቅላት ነው። ግን ቨርን… አንድ ልጃቸው አይደለህ? ብትጠብቅ በነፃ ትወርሰው አልነበር?

ቨርነን፦ ውርስ ስምንት ሺህ ይመልሳል? አይመልስም!

ሌላንድ፦ የባንኩስ ብድር?

ቨርነን፦ ስማ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ባንኩ ሰማንያ ሺውን ለእናቴ ከፈለ። እናቴ ለእኔ ትመልሳለች። እኔ ለባንኩ እመልሳለሁ። ዞሮ ዞሮ ከቤት! ገባህ?

ሌላንድ፦ እሳቸው እንደሚመልሱ ተስማምታችኋል?

ቨርነን፦ እናት ናት እኮ! ከእናት ጋር ደግሞ ምን ውል አለ?

ሌላንድ፦ እሱስ ልክ ነህ። መመሪያውን እንይ ታዲያ?

ቨርነን፦ መመሪያ የሚያነበው የማያውቅ ሰው ነው። አንተ አንብበው፤ እኔ እተረጉምልሃለሁ።

ሌላንድ፦ (በጣቱ እየተከተለ) «ቤት ማለት… ቪላ፣ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ክፍል፣ ሰው የሚኖርበት ጀልባ፣ ተጎታች ቤት…» ቨርን! ተጎታች ይላል!

ቨርነን፦ ጎማው ያልተነፈሰ ማለቱ ነው።

ሌላንድ፦ (ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አይቶ) ስለ ጎማ ምንም የለም። (ስልኩን አውጥቶ ደወለ) ዶሪን? ቤት ነው! ቆርቆሮ አይደለም፣ መንግሥት ቤት ነው ብሏል… አዎ፣ በጽሑፍ። (ዘጋ) ማሞቂያው የገባ ዕለት እመጣለሁ አለችኝ!

ቨርነን፦ እሺ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ለቆርቆሮ ይህን ያህል። የእኔን ቀጥል።

ሌላንድ፦ «ቤቱን የገዙት ከእናትዎ፣ ከአባትዎ፣ ከአያትዎ ወይም ከልጅዎ ከሆነ ተመላሹን መጠየቅ አይችሉም።» እህ፣ ይችን ተርጉምልኝ። እንዴት እንደምታልፋት ለማወቅ ስጓጓ ነው የከረምኩት።

(ላይ ቤት ሻንጣ ሲጎተት ይሰማል።)

ቨርነን፦ እንደገና አንብብ።

ሌላንድ፦ «ከእናትዎ…»

ቨርነን፦ በቃ! በቃ… መላ አይጠፋም። ለባዕድ እሸጠውና ሌላ ቤት እገዛለሁ። ያኔ ስምንት ሺዬን ማን ይከለክለኛል?

ሌላንድ፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት የራሱ መኖሪያ የነበረው ሰው የመጀመሪያ ቤት ገዢ አይባልም።» አንተ እኮ ባለቤት ሆነሃል።

ቨርነን፦ እንግዲያው ለእናቴ እመልስላታለሁ! ገንዘቡን ትሰጠኛለች፣ ባንኩን እዘጋለሁ፣ እንዳልነበረ ይሆናል። እማ! እማዬ!

ሌላንድ፦ ኧረ አታዋክባቸው፣ አውሮፕላን እንዳያመልጣቸው። የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

ቨርነን፦ የምን አውሮፕላን?

ሌላንድ፦ የፍሎሪዳ። ባሕሩ አጠገብ ሁለት ክፍል ገዝተዋል። በረዶ ሰለቸኝ፣ ልጄም ራሱን ቻለ ብለዋል።

ቨርነን፦ በየትኛው ገንዘብ?!

ሌላንድ፦ በቤታቸው ነዋ። ሸጡልህ አይደል?

ቨርነን፦ (መመሪያውን ነጥቆት) ሌላንድ… በነፃ ለምወርሰው ቤት ሠላሳ ዓመት ልከፍል ነው። እናቴ ይህን መመሪያ አይታዋለች?

ሌላንድ፦ ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ጊዜ ነው ያነበቡት። ጠርተውኝም «ከእናት መግዛት እንደማያስመልስ ቨርነን ያውቃል? ካላወቀ ልንገረው፣ ሽያጩም ይቅር» አሉኝ።

ቨርነን፦ አንተስ? አንተስ ምን አልካት?

ሌላንድ፦ ተቆጣኋቸዋ! «ኧረ እማማ ኢርማ፣ እሱ ደግሞ የማያውቀው ነገር አለ!» አልኳቸው።