ለግራፊክስ ካርድ የተላኩ ሽማግሌዎች

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሁሴን፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው።

ባለሱቁ ከድር ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብሎ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። በግራ አቶ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። በቀኝ እኔ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የማወጣትን ኮት ለብሼ። መሀል ላይ ሐጂ፣ አርባ ዓመት ጨርቅ ነግደው ሱቁን ለልጆቻቸው የተዉ፣ በሰፈራችን ሽማግሌ ሆነው በሄዱበት ቤት ሁሉ እሺ ተብለው የተመለሱ።

«አባቶች፣ ኧረ ተቀመጡ» አለ ከድር።

«አንቀመጥም።»

ለነገሩ ሱቁ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። እሱም ላይ ከድር ተቀምጦበታል።

የሄድነው ሴት ልጅ ልንጠይቅ አይደለም። ከድር ለአቅመ ጋብቻ የደረሰች ልጅ የለችውም፤ እሱ ራሱ ገና ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። የሄድነው ግራፊክስ ካርድ ልንጠይቅ ነው። ቆይ፣ አትሳቁ። ወይም አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ ወደ ኋላ ላይ የምትስቁበት ቦታ ላይኖር ይችላል።

የዋጋ ነገር በዚህ ከተማ ሰላምታ ሆኗል። «እንዴት አደርክ» ሳንባባል «ዘይት ስንት ገባ» እንባባላለን። ሽንኩርት ሲወደድ ግማሽ ኪሎ እንገዛለን። ሥጋ ሲወደድ ለጤናም ጥሩ አይደለም እንላለን። የቤት ኪራይ ሲጨምር አንድ ፌርማታ ወደ ዳር እንገፋለን፣ ሲጨምር ደግሞ ሌላ አንድ ፌርማታ፤ እንዲህ እያልን ከከተማው ልንወጣ ምንም አልቀረንም። ሰው ለሆዱ መቀነስን ያውቅበታል። ለሚወደው ነገር ግን መቀነስ የሚባል የለም። ግማሽ ግራፊክስ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም።

ዕቃው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አትፈሩ፤ እኔም ሦስት እሁድ ስመላለስለት ነው ያወቅሁት። ሸክላ ጡብ የሚያህል፣ ማራገቢያ የተገጠመለት፣ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚሠራ ነገር ነው። ያለ እሱ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ደህና ጌም መጫወት ግን አይቻልም። ለጌም ሰው ደግሞ ደብዳቤ ምኑ ነው?

ብሩክ ግቢዬ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ተከራይቶ ይኖራል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አየር ጤና፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ የኪራይ ቀን አያሳልፍም። ሱሱ አንድ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሆኖ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲገድል ያመሻል። ጨዋ ልጅ ነው። እንደሱ ያለ ተከራይ ይስጣችሁ።

ደግሞ ሰላም አለችው። ሰላም ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ዘነበወርቅ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አምስት ዓመት ጠብቃዋለች። ሁለቱም በየወሩ ከደሞዛቸው እያነሱ፣ በእሱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጣሉ፤ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለአልጋ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ዕቃ። ሲሞላ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው እኔ እንድሆን ከተስማማን ቆይተናል። ኮቴን ንጽህና መስጫ ወስጄ፣ በላስቲክ ሸፍኜ የሰቀልኩት ለዚያ ቀን ነበር።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብሩክ በሬን አንኳኩቶ፣ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» ሲለኝ እንዴት እንደሆንኩ ገምቱት። አቀፍኩት።

«መቼ ነው? እናቷ ያውቃሉ?» አልኩት።

«የማን እናት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በጉልበት ተመለሰና የድሮ ካርዱን አቃጠለው። ብሩክም ከከድር ጋር በዘጠና አምስት ሺህ ብር ተስማማ፤ ወረቀት የለም፣ ቀብድ የለም፣ መጨባበጥ ብቻ። ዱባይ ያለው ወንድሙ ዕቃውን ሲልክለት ከድር «አሁን መቶ ሃያ ነው» አለው።

«ቃል እኮ ቃል ነው፣ ጋሼ። ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል።»

«ለምንህ ነው ግን?»

«ለሥራም ይጠቅመኛል።»

«የምትሸጠው ሲሚንቶ ነው።»

ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያላልኩት ነገሩ ስላሳቀኝ ነው። ሰው ስንቱን ጥፋት የሚያጠፋው ነገሩ አስቆት ነው። ሐጂ ግን አልሳቁም። ነጋዴ ናቸው፤ ቃል ፈረሰ ሲባሉ ሸቀጡ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ከዘራቸውን አነሱ።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ቆመናል።

«አባቶች፣ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አልክድም» አለ ከድር። «ዶላሩ ግን ለእኔ ቃል አልሰጠኝም። ደግሞ ውጭ አገር ኤአይ፣ የሚያስብ ማሽን፣ የሚሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ይህንኑ ካርድ ከገበያ ጠራርገው እየወሰዱት ነው። ለእኛ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።»

«እኔም ጨርቅ ስሸጥ ገዢ ሲበዛ ዋጋ እጨምር ነበር» አሉ ሐጂ። «ገዢው ግን ፊቴ ይቆም ነበር። ያንተ ገዢዎች የታሉ?»

«ውጭ ናቸው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ዞር ብለው ወደ ውጭ አዩ። አንድ የታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል።

ከድር ልቡ ራራ። «ለእናንተ ክብር ስል፣ ዛሬ ከሆነ በመቶ አምስት ውሰዱት።»

እጄን ለመዘርጋት ምንም አልቀረኝም። የሐጂ ከዘራ ጫማዬን ተጫነው። «በመጀመሪያ ቀን የሚሰጥ ልጅ አለ?» አሉኝ በጆሮዬ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ አትቸኩል። ተማከርበት። ዱባይ ያለውን ወንድምህንም ጠይቅ። እኛ በሳምንቱ እንመለሳለን» አሉት። ከድር ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁ ከብዳው የነበረ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ቀን የተቀበለ ሽማግሌም ችኩል ይባላል። ተመለሱ መባል ክብር ነው፣ መመለስም ክብር ነው። ይህን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ ነበሩ፤ በሳምንቱ ስትመለስ ልጅቷ ያችው ልጅ ናት።

በሳምንቱ ስንመለስ መቶ ሠላሳ ሆኗል።

ሐጂ አሁንም አልተቀመጡም። «ነገር በሦስተኛው ነው» አሉን ስንወጣ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።» ስለዘገየችው ምን እንደተተረተ ግን ከሦስታችን ማንም አላስታወሰም። ብሩክ ፌርማታው ጋ ቆሞ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቀናል፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና። ሐጂ ትንሽ ቀደም ሲሉ «ከፍለህ ተገላገል፣ ወይም ጭራሽ ተወው» አልኩት።

«ሐጂን ላስቀይም?» አለኝ። ይሉኝታ ያለው ልጅ ነው ብያችኋለሁ።

ሦስተኛው እሁድ። ከድር ስንገባ ገና ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱን አይቼ አወቅሁ።

«አንድ ፍሬ ቀርታለች። መቶ ስድሳ አምስት። ሳንሱሲ ያለ አንድ ልጅ መንገድ ላይ ነው፤ ከእናንተ በላይ ሊከፍል። እናንተን አክብሬ ነው እስካሁን ያቆየኋት።»

ሐጂ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አርባ ዓመት የሸጡ ሰው ናቸው፤ ገዢ ሲለምን ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፣ እሳቸው ሲመስሉት ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ከድር የተነሣበትን ወንበር በከዘራቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ። እሺ ሳይባሉ።

በዚህ መሀል ሙሽራው ራሱ ገባ። መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሲያዳምጥ ነበር መሰለኝ፤ ስልኩን አውጥቶ «የሒሳብ ቁጥርህን ንገረኝ» አለው። አልተከራከረም። «ባለፈው መቶ ሠላሳ አላልክም?» አላለም። ሲሚንቶ በኩንታል አሥር ብር ሲጨመርበት ደንበኛን በትዕግሥት የሚያስረዳው ብሩክ፣ ቀና እንኳ ሳይል ቁጥር ይነካል። አጠገቡ ስለነበርኩ ስክሪኑን አየሁት። ገንዘቡ የሚወጣበት ሒሳብ ስም ተሰጥቶታል። «ጎጆ» ይላል።

አየሁት። ማየቴንም አየ።

«እመልሰዋለሁ፣ ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳልጠይቀው።

ከጎጆው የተረፈው ትራስ ይገዛ ይሆናል፤ አልጋውን አይገዛም። ክፍያው አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም። የሽማግሌ ሥራ መናገር ነው፤ ለዚያ ነበር የሄድኩት፣ ኮት ለብሼ። አንድም ቃል አልወጣኝም። አቶ ወልዴ ደግሞ፣ በሦስቱም እሁድ አፋቸውን ያልከፈቱት ሰውዬ፣ ከልምድ የተነሣ እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። የመረቁት ብሩክን ይሁን የካርዱን ሳጥን አላወቅሁም።

ብሩክ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። የግቢያችንን የቆርቆሮ በር በእግሩ ገፋው፤ ያ በር ሁለቴ ካልተገፋ አይዘጋምና ዞሮ ደገመው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አትክልት ሳጠጣ ሰላም መጣች። አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሹሩባው ያምራል።»

«የእሁድ ነው» አለች። «ጋሼ፣ ወደ ዘነበወርቅ መንገዱ ጠፋባችሁ እንዴ?»

ቱቦው እጄ ላይ ቀረ።

ለካ የሐጂ ልጅ መድኃኒት ልትገዛ ሄዳ «አባዬ እኮ ለብሩክ ሽማግሌ ሆኖ ሄደ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» ብላታለች፤ ከመጀመሪያው እሁድ ማግስት።

«እናቴ ሁለት እሁድ የሶፋ ጨርቅ ቀየረች። ከጎረቤት ስድስት ብርጭቆ ተዋሰች። ባለፈው እሁድ በር ሲንኳኳ ሮጣ ጫማ ቀየረች፣ ጋሼ። ያንኳኳችው ጎረቤታችን ናት። ብርጭቆዋን ፈልጋ።» ሳቅ አለች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ለማን ነው የሄዳችሁት? ስሟን ብቻ ይንገሩኝ። አላለቅስም።»

ነገርኳት።

«ለኮምፒውተር?»

«ለኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«ሌላ ሴት ብትሆን ለእናቴ ማስረዳት እችል ነበር» አለች። ከዚያ «ስንት ገባ?» አለችኝ፤ ልክ ስለ ዘይት እንደምንጠያየቀው። ነገርኳት። ከየት አምጥቶ እንደከፈለ አልጠየቀችኝም።

ብሩክ ቤት ነበር። ለሠርጉ ብሎ ያጠራቀመውን የዓመት ፈቃድ ጀምሮታል። በሩ ክፍት ነው፤ ተኩሱ እስከ ቧንቧው ድረስ ይሰማል። ሰላም ደፉ ላይ ስትቆም ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ፊቷን አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማያዊ አደረገው።

«ሰላምዬ! ነይ እዪ፣ ነይ! የቅጠሉ ጥላ ሳይቀር ይታያል!»

አየች። እውነቱን ነው፤ ከቆምኩበት ሆኜ እኔም አየሁት። ነፋስ እየነፈሰ ነበር፤ እያንዳንዷ ቅጠል የየራሷ ጥላ ነበራት።

«ቁጭ በይ እንጂ» አላት፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

«አልቀመጥም።»

«አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ይቺን ልጨርስ።»

እንደቆመች ጠበቀችው። የአትክልቱ መደብ ሞልቶ ውኃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዞር አለችና በአጠገቤ ስታልፍ «ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ» አለችኝ፣ እንደ ወትሮው ዝቅ ብላ።

የግቢው በር በአንዴ ተዘጋ።