የአባቴ ክፍለ ሀገር፣ የእናቴ ክልል

ሰው ቤቱን ሳይለቅ አድራሻው ጥሎት ሲሄድ አይታችኋል? የእኛ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ድሮ ከነቦንጋ ጋር በአንድ ካፋ ክፍለ ሀገር ነበርን። መንግሥት ተለወጠና እኛ ኦሮሚያ ክልል ሆንን። ቦንጋ ደግሞ «ካፋ» የሚለውን ስም ይዛ ወደ ደቡብ ክልል ሄደች። ማንም ግን ዕቃ ሲጭን አላየንም።

አባዬ የክፍለ ሀገሩ ጸሐፊ ነበር። ለእሱ ቦንጋ ዛሬም ጓሮ ናት። እማዬ ደግሞ አዲሱን አከላለል ቶሎ ለመደችው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አሥራት ከቦንጋ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትሰማ፣ «ልጄን ከክልል ውጭ አልሰጥም» አለች። መንገዱ እኮ ያው የድሮው ነው ብል ማን ይሰማኛል? አንገቴን ደፍቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። አንድ መስመር ግን አላነበብኩም። ያለ አሥራት እንዴት እንደምኖር እንጃ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔና እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆንን። አባዬ አገራቸውን ጠየቀ። አንደኛው «ከደቡብ ክልል...» ብሎ ሲጀምር እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አንጋፋው ሽማግሌ ቶሎ ብለው አቋረጡት።

«ከካፋ ነን። እዚሁ ከእርስዎው ክፍለ ሀገር።»

«ኤዬ፣ የኛው ናችኋ» አለ አባዬ። ድምፁ ወጣት ሆነ።

ከዚያማ ማን ይመልሳቸው? በወሬ ሊሙ ወጡ፣ ኩሎ ኮንታ ወረዱ፣ ጊሚራን አቋርጠው ማጂ ደረሱ። ጉም የዋጠው የቡና ጫካ፣ ፖስታ የጫነች በቅሎ፣ ክረምት የማያሻግር ወንዝ... አውራጃዎቹ ከፈረሱ ስንት ጊዜያቸው፤ እኛ ሳሎን ግን አንድ በአንድ ተነሡ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አብሬ ሄድኩ። የመጡት ለእኔ መሆኑን ረሳሁት ብል ታምኑኛላችሁ?

እነሱም ረስተውታል። ሲመሽ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ተመራርቀው ወደ በሩ አመሩ። ያን ጊዜ ባነንኩ። ሮጬ እንዳልጠራቸው፣ እኔ ለእንግዳ ሰላምታ መስጠት እንኳ የማፍር ሰው ነኝ።

መጋረጃውን ገልጣ የወጣችው እማዬ ናት። ፊቷ ቀልቷል።

«ቆዩ እንጂ» አለች። «ልጄ ምን ጎድሏት ነው ሳትጠይቋት የምትሄዱት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንጋፋው ተመልሰው ተቀመጡ። «እርስዎ ከፈቀዱማ እኛ ምን ገዶን» አሉ።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምን ዋጋ አለው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ፍቅር ድንበር አያውቅም ይላሉ። ይሆናል። እኔን ክልል ያሻገረኝ ግን የእናቴ ኩራት ነው።