ጥድፊያ የማይወደው ፐርሰሜሎ

አንድ ነገር የሚያበቅል ጡረተኛ የሌለበት ሕንፃ ካያችሁ፣ ገና ሰው ያልገባበት ሕንፃ ነው። ልብስ ሰፊዋ የምትኖርበት ሦስተኛ ፎቅ በዚህ በኩል ሞልቶ የተረፈው ነበር። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት ክቡርነታቸው፣ የቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጎረቤቱ «ፕሮፌሰር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አንድ ቀን «ተዉ እንጂ» ብለው አያውቁም።

የጥናት መስካቸው ፐርሰሜሎ ነው። በየዓመቱ ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ ከሥሩ በምስማር በተበሳ የቀለም ባልዲ ይዘራሉ፣ ከዚያ አራት ሳምንት ሙሉ ባዶ አፈር ላይ ማፍጠጥ ነው። «ኧረ ይሄ ነገር ሞቷል» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እሱ ጥድፊያ አይወድም!» ብቅ ሲልማ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፎቁን ሁሉ ያበስራሉ።

ልብስ ሰፊዋን ያማረራት ምክራቸው ነው። ስፒል በከንፈሯ ይዛ መልስ መስጠት የማትችልበትን ሰዓት ጠብቀው መምጣት ያውቁበታል።

«ስትቀጥፊ ከዳር ከዳር! መሃሉ ልቡ ነው።»

ስፒሉን ተፋች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ፐርሰሜሎ የለኝም።»

«ሲኖርሽስ?»

በዚያ በረዶ በሚጥልበት አገር አንድ ክረምት፣ ውርጩ መስኮቱን በሸፈነበት ሰሞን፣ ፕሮፌሰሩ የዓይን ሞራ ሊያስወግዱ ሆስፒታል መግባት ግድ ሆነባቸው። ፀሐይ የሚያገኘው የእሷ መስኮት ነውና ባልዲውን ታቅፈው መጡ። ከባልዲው ጋር ሁለት ገጽ መመሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል የመኪና ታርጋ ያህላል።

«አደራ ልጄ። ማሞቂያው ያደርቀዋል፣ ብርዱ ይገድለዋል። አፈሩን በጣትሽ ሳትነኪ ውሃ እንዳትሰጪው።»

በሦስተኛው ቀን የካውያውን እንፋሎት ልታስወጣ መስኮቱን ከፈተችና ረስታው ወጣች። ስትመለስ ቅጠሉ ሁሉ በባልዲው አፍ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።

«ወይኔ! ገደልኩት!»

መመሪያውን መሬት ላይ ዘርግታ ተንበረከከች። ባልዲውን ከመስታወቱ አራቀች፣ አፈሩን ነካች፤ እርጥብ ስለነበር ውሃውን ተወችው። የጠወለገውን ከዳር ከዳር ቆረጠች። የሰርግ ቀሚሷን ልትለካ የመጣች ሙሽራ «ቀሚሴስ?» ብትላት፣ «እሱ ጥድፊያ አይወድም!» ብላ ጮኸች። ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ራሷ ደነገጠች።

ሁለት ቀን አለፈ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ የሚያንኳኳም የሚመክርም የለም። ይሄን ያህል ይናፍቁኛል ብላ መች አስባ! በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመሃል፣ እንደ ሕፃን ቡጢ የተጨበጠች አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ዘለለች።

ፕሮፌሰሩ ሲመለሱ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። «ጋሼ፣ ጥፋቴን ልናገር…»

ማን ሰምቷት! አፍንጫቸውን ባልዲው ውስጥ ከተዋል።

«ለካ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው! ሦስት ክረምት ሳበቅለው ልሙጥ ይመስለኝ ነበር እኮ!»

ከዚያ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አዩዋት።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪልኝ። አንቺ… ጉንጭሽ ላይ ስርጉድ አለሽ እንዴ?»

ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ስርጉዱም ይበልጥ ጎደጎደ።