የማይናወጥ ሞተር

በዚህ ዓለም የማይናወጥ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። መሬት ይናወጣል፣ ባሕር ይናወጣል፣ ሹመትም ይናወጣል። ባቡሩ ገና በአቃቂ ጣቢያ እያፏጨ በሚያልፍበት ዘመን ግን፣ ጎረቤቴ አቶ ሳህሌ መናወጥን ቢያንስ ከራሳቸው ግቢ ለማጥፋት ቆርጠው ተነሡ። ይህን ታላቅ ሥራ ሳልመሰክር ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

ነገሩ አጣዳፊ ነበር። ልጃቸው ድንቅነሽ የበኩር ልጇን እንደ ወጉ በእናቷ ቤት ልትገላገል መጥታለች። ወሯ ገብቷል፤ እግሯም አብጧል። አዋላጇ ይህን አይታ «ምጥ ሲጀምራት ቶሎ ሆስፒታል አድርሷት፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት» ብላ አስጠንቅቃለች። አቶ ሳህሌም «ልጄ በሰው መኪና አትሄድም!» ብለው ማሉ። የሳቸው መኪና ደግሞ አሮጌ ፊያት ናት። ሞተሩን ከሥር ተሸክመው ንቅናቄውን የሚውጡት ጎማዎች ተሰነጣጥቀዋል፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከኮፈኑ ሥር እንደታሰረ ወይፈን ይዘላል።

«አዲስ ጎማ ገዝቶ መቀየር ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም።

ሐሳቡ ቀላል በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም። አቶ ሳህሌ እንደሳቸው ከምድር ባቡር በጡረታ የተሰናበቱትን ሁለት ጓደኞቻቸውን፣ አቶ ያደታንና አቶ ተክሌን፣ ለስብሰባ ጠሩ። አቶ ያደታ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ።

«ክቡራን ሆይ! እኛ ዕድሜያችንን የጨረስነው ብረት በብረት ላይ ስናስኬድ ነው። ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ሐዲዱ ላይ ጎማ ያየ አለ?»

«የለም!»

«ባቡር ያለ ጎማ ድሬዳዋ ከደረሰ፣ ይህች ሚጢጢ ፊያት ሳሪስ አቦን ማለፍ ያቅታታል?»

ጎማ ሲጫኑት የሚለመጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ፣ አቋም የሌለው ዕቃ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። በምትኩ ከሐዲድ ቁራጭ ብረት ተቆርጦ ሞተሩ ከመኪናዋ አፅም፣ ከሻንሲው ጋር፣ በቀጥታ እንዲታሰር ተወሰነ። አቶ ተክሌ ክሪክ ተውሰው መጡ። ክሪኩ የፉርጎ ማንሻ ስለነበር ሞተር ብቻ ማንሣት ክብሩን የሚነካው መሰለ፤ መኪናዋን ከነአቶ ተክሌ ወደ ላይ አወጣት። እሳቸውም ከላይ ሆነው ሥራውን በበላይነት ተቆጣጠሩ።

ጎማዎቹ ወጡ፣ ብረቱ ገባ፣ ብሎኑ ጅማት እስኪገተር ጠበቀ። ሦስቱም መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሞተሩን አስነሡ።

«ሞተሩ ተነቃነቀ?» አሉ አቶ ሳህሌ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ።

«ንቅንቅ አላለም!» አሉ አቶ ተክሌ።

«ታዲያ ይሄ የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው?»

«እኛ ነን።»

«እኛን ጥገናው አይመለከተንም» አሉ አቶ ያደታ። ተጨበጨበ።

ምጡ በማለዳ መጣ። ድንቅነሽን ደግፈው ከኋላ አስቀመጧትና ሞተሩን አስነሡ። በሩ ተንጫጫ፣ መስታወቱ ወደቀ፣ እሷም ጮኸች።

«አ-አ-አባባ! አ-አ-አውርዱኝ!»

«ቻይው ልጄ፤ ሞተሩ እንደሁ ጸጥ ብሏል!»

በሩን ራሷ ከፍታ ወጣችና መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ስስቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን አገልድመው፣ ወደ ቃሊቲ ዱቄት ጭኖ የሚያልፈውን ባለ ጋሪ ሮሪሳን ፈረሱን ይዘው አቆሙት።

«ዱቄቱን አውርድ!»

«እትዬ፣ የሰው ዱቄት እኮ ነው—»

«ይችስ የሰው ልጅ አይደለችም?»

ሮሪሳ ወዲያው ከጋሪው ወረደ። ከረጢቶቹን አውርዶ አንዱን እንድትደገፍበት ተወላት። ጋሪው ሁለት የመኪና ጎማ ነበረው፤ ጉድጓዱን ሁሉ ቀስ እያለ አለፈው።

ጡረተኞቹ ግን እንዲህ ያለ ውርደት አልተዋጠላቸውም። በፊያቷ ተከተሉ። በየመንገዱ ከመኪናዋ የሚረግፈውን እየለቀሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሲደርሱ ድንቅነሽ በሰላም ተገላግላ ነበር፤ እነሱ ግን ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ ጉልበታቸው ይርዳል፣ የመጡበትን ጉዳይ መናገር አልቻሉም። ነርሷ አንዴ አየቻቸውና «ይሄማ ወባ ነው!» ብላ ሦስቱንም በተርታ አስተኝታ ኪኒን አስዋጠቻቸው። ኮሚቴው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ንግግር ተኛ።

በማግሥቱ፣ ሰው ሊጠይቃት የሚገባት አራስ ሕፃኗን ታቅፋ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። አቶ ሳህሌ የልጅ ልጃቸውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል። ድንቅነሽ አየችውና ሕፃኗን ወደ ደረቷ መለሰቻት።

«አባባ፣ በሞቴ፣ አዲስ ጎማ ያስገቡበት» አለች።

አቶ ሳህሌ ከልባቸው ተገረሙ።

«ለምን ብዬ ልጄ? ሞተሩ እኮ ተመችቶታል!»