ሕፃናትን የምታነጋግረው ኛሙት

በየሰፈሩ ሕፃንን እንደ ትልቅ ሰው የሚያጫውት አንድ ሰው አይጠፋም። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ይዞ «ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ፣ አይደል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም ይጠብቃል። በጋምቤላ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ኛሙት ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ማሽናቸው ከአጥራችን ማዶ ማንጎ ሥር ነው።

«ክብርት» የምላቸው እዚህ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ኛሙት ነው የምላት። እሷም አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ የቢሮ ኃላፊም ቢመጣ «አንተ» ነው።

«አንተ መምህር» ትለኛለች፣ የአማርኛ አስተማሪ መሆኔን ከቁብ ሳትቆጥር፣ «በኑዌርኛ ሁለት ‹ት› አለ። አንዱ ጥርስ ይነካል፣ አንዱ ትንሽ ከፍ ይላል። አንተ አንድ ብቻ ትሰማለህ፤ ጆሮህ አርጅቷል። ሕፃን ሁሉንም ይሰማል። የቤቱን ብቻ የሚመርጠው በኋላ ነው።»

ማረጋገጫም አላት። ሕፃኑን እናቱ ጭን ላይ ታስቀምጥና ከጀርባው ቆማ አንደኛውን «ታ» ትደጋግማለች። ሕፃኑ ይሰለቻል። ድንገት ወደ ሌላኛው «ታ» ስትቀይር ዞር ይላል! እኔ ልዩነቱ እስከ ዛሬ አይሰማኝም።

ልጄ ሊና ዘጠኝ ወር ሲሞላት ተራዋ ደረሰ። ኛሙት ቀየረች፤ ሊና አልዞረችም። ደገመች፤ ምንም። የኛሙት ሳቅ ጠፋ።

«ይቺ ልጅ አፍ ታያለች እንጂ አትሰማም» አለች።

ተቆጣሁ። «ቋንቋሽን ስላልለመደች ነው።»

«እሺ፣ በቋንቋህ ጥራት።»

ከኋላዋ ሆኜ «ሊና! ሊናዬ!» አልኩ። ልጄ ንቅንቅ አላለችም። ባለቤቴ ቤዚ ማልቀስ ጀመረች። ለካ ሊና «ባ ባ» ማለት ካቆመች ሰንብታለች፤ እኛ «ጨዋ ልጅ» እያልን እንኩራራ ነበር።

በማግስቱ ኛሙት ማሽኗን ሸፍና ሐኪም ዘንድ አብራን ሄደች። ለካ ሊና ጉንፋን ተመላልሶባት ኖሮ ከጆሮ ታምቡሯ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።

«በጊዜ ነው ያመጣችኋት» አለ ሐኪሙ። «ጆሮ የቤቱን ድምፅ የሚለይበት ዕድሜ ነው።»

«አላልኩህም?» አለችው ኛሙት፣ ሰውየውን ገና ያን ቀን ማየቷ ነው።

ሕክምናው ሳምንታት ፈጀ። አንድ ከሰዓት ኛሙት ከሊና ጀርባ ቆማ «ታ ታ ታ» አለች፤ ቀየረች፤ ልጄ ዞረች። ቤዚ ኛሙትን አቅፋ አልለቅ አለች። 

ባለፈው ሳምንት ኛሙት እህቷን ልትጠይቅ ኩሌ፣ የስደተኞች መጠለያው ሄደች። ሰፈሩ ጭር አለብኝ። በሁለተኛው ቀን ራሴ ደወልኩላትና ስልኩን ሊና ጆሮ ላይ አደረግሁት። ኛሙት ስለ መንገዱ አቧራና ስለ እህቷ ፍየሎች ስትተርክላት፣ ሊና እየሳቀች በራሷ ቋንቋ መለሰችላት። ካርዴ አለቀ። ልጄን አቅፌ ሌላ ልገዛ ወጣሁ።