ክቡር ጋሽ እስቲልየው

በየቤቱ አንድ አለ። ቤተሰቡ ለባብሶ፣ መኪና ተይዞ፣ ልትንቀሳቀሱ ስትሉ «ቆይ፣ ምድጃውን አጥፍተነዋል?» የሚል። «አጥፍተነዋል» ትሉታላችሁ። ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ያያል። ምድጃው ጠፍቷል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ገና ሳይደላደል ደግሞ በሩን መቆለፉን ይጠራጠራል። እንዲህ ያለው ሰው አጎት ሆኖ ሲመጣ ይቻላል፤ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው። ባል ሆኖ ሲመጣም ሚስቶች እየተነጫነጩ ይችሉታል። አለቃ ሆኖ ሲመጣ ግን ፈጣሪ ይሁናችሁ።

እኔ ላይ የመጡት አለቃ ሆነው ነው።

የምሠራበት መጋዘን ተዘግቶ፣ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ፣ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ማሽን መግጠም ልማር ተለማማጅ ሆኜ ገባሁ። ጥገና ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ የቀለጠ ሞራ ሽታ ልብስ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። ሚስቴ «ሳሙና ፋብሪካ ውሎ እንዲህ የሚሸት ሰው አንተን አየሁ» ትለኛለች። የክፍሉ ፎርማን ክቡርነታቸው ጋሽ እስቲልየው ነበሩ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ማን ደፍሮ።

መጀመሪያ የሰጡኝ አንድ ቁራጭ ብረትና አንድ ሞረድ ነው። ብረቱን ሞርሳ ላይ አስሬ አራቱንም ጎን ቀጥ እስኪል መሞረድ። ክንዴ እስኪዝል ሞርጄ «ጋሼ፣ ጨረስኩ» እላለሁ። «እስቲ ልየው» ይላሉ። የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ ያስጠጉበትና በመካከላቸው ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮቱ ያነሱታል። ከዚያ የሚናገሩት ያው ነው፦ «ብርሃን ያስገባል።» እኔ ብረት እንጂ ብርሃን አይታየኝም። ሞርሳው ላይ እመልሰዋለሁ። የመጀመሪያው ብረቴ እንዲህ ሲመላለስ አልቆ የጥፍር መቁረጫ አከለ።

ይህ ብረት ላይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሰዓት ጠይቀው ስትነግሯቸው «እስቲ ልየው» ብለው እጃችሁን ይጎትታሉ። ዝናብ ጀመረ ካላችኋቸው ወጥተው፣ በስብሰው ይመለሱና «እውነት ነው» ይላሉ። የበያጃችን ሚስት ሴት ልጅ የወለደች ጊዜ ሁላችንም እንኳን ደስ ያለህ አልን። እሳቸው «እስቲ ልያት» ብለው እሁድ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ጨቅላዋን ታቅፈው ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክተው «ሙሉ ናት» አሉ አሉ፤ በያጁ ነው እየሳቀ የነገረን። ማታ ሲሰናበቱንም እንደዚሁ ነበሩ፤ እጃችንን ይዘው ቶሎ አይለቁም። እርጅና ነው እንል ነበር።

ትልቁ ጣጣ ግን ጓጉንቸር ነው። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ መጀመሪያ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፣ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ጓጉንቸሩ እስካለ ድረስ ማሽኑ አይነሳም፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም። ግድግዳው ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል፣ የሚያነበው ግን የለም። ሥራ ሲቸኩል ኤሌክትሪሺያኑ መቁረጫ ይዞ ይመጣና ነገሩ በዚያ ያልቃል። ጋሽ እስቲልየው ግን ጽሑፉን በየሳምንቱ ይወለውሉት ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ነገር ተበላሸ። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዓይኑ ከእጅ ሰዓቱ ላይ አይነሳም። አንድ ቀን ክቡርነታቸው ማሽን ውስጥ ድምፅ ሰማሁ ብለው መስመሩን አስቆሙ፤ ድመት ሆና ተገኘች። ሌላ ቀን መስቀያው ላይ አንድ ባርኔጣ ተርፏል፣ ሰው ማሽን ውስጥ ቀርቷል ብለው አስቆሙ፤ ባርኔጣው የራሳቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንም ባለንበት «ጋሼ፣ ሁለተኛ በከንቱ መስመሩን ካስቆሙ አብረን አንሠራም» አላቸው። ቀልድ አልነበረም። ባለቤታቸው የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱም በፋብሪካው ወጪ ነበር። ሥራው ሄደ ማለት መድኃኒቱ ሄደ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ በግቢው አልነበረም።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ በኋላ አንድ ቀን፣ በያጁ ጠዋት ማቡኪያው ውስጥ ገብቶ የተሰነጠቀ ምላጭ ሲበይድ አረፈደ። ማቡኪያ የምንለው ሳሙናውን የሚያላውሰው ትልቁ በርሜል ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሰው ክንድ የሚያክሉ ምላጮች ይዞራሉ። ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ተገጠመ፣ ሞራው ቀለጠ፣ ቱቦ ውስጥ ገባ። ማብሪያው ላይ ግን የበያጁ ጓጉንቸር እንደተንጠለጠለ ነው። እሱ ራሱ የለም፤ ስልኩም ዝግ ነው።

ዘበኛው «በዓይኔ አየሁት፣ በዚህ በር ነው የወጣው» አለ። እኔም እጁን ሲታጠብ አይቼዋለሁ፤ ተናገርኩ። ኤሌክትሪሺያኑ መቁረጫውን ይዞ መጣ።

ጋሽ እስቲልየው ጓጉንቸሩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «እስቲ ልየው» አሉ።

«ምኑን ነው የሚያዩት? ዘበኛው አይቶታል እኮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሱ አይቶታል። እኔ አላየሁትም።»

«ሞራው ቱቦ ውስጥ እየረጋ ነው፣ ጋሼ። የተባባልነውን አይርሱ።»

«አልረሳሁም፣ ልጄ።»

በርሜሉን ከመንካታቸው በፊት የራሳቸውን ጓጉንቸር አውጥተው ከበያጁ ጎን ቆለፉ፤ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ክዳኑን መፍታት ጀመሩ። ዙሪያውን ቡሎን ነው፤ ግማሹ ዝጓል። ከእኔ በቀር ማንም አላገዛቸውም። እኔም ያገዝኩት አምኛቸው አይደለም፣ አሳዝነውኝ ነው። ደሜ ፈልቷል። «ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ሰውዬው ወጥቷል። ባለቤትዎን ያስቡ እንጂ!»

ከቡሎኑ ዓይናቸውን አላነሱም። «ታናሽ ወንድሜንም ወጥቷል ነበር ያሉኝ» አሉ። «ምሳ ሲበላ አየነው አሉ። ብዙ ሰው ነው ያየው። ማብሪያውን የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ቡሎኑን ብቻ ፈታሁ።

ክዳኑ ሲነሳ ጨለማው ውስጥ ባትሪ አበሩ። አልበቃቸውም። እንደዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንጠልጥለው ገቡ። በየምላጩ ሥር ሲዳብሱ፣ ብረቱን በመዳፋቸው ሲመቱ ይሰማናል። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓቱ ጋር እንደተፋጠጠ ነው።

«ባዶ ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ባዶ ነው! ማንም የለም!»

ሲወጡ ሞራ ፊታቸውን ለቅልቆታል፤ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። «ባዶ ነው፣ ልጄ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። በመሳሳቱ እንዲህ የፈነደቀ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ኤሌክትሪሺያኑ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ።

በያጁ እያለከለከ የደረሰው ይሄኔ ነው። ልጁን ትኩሳት ይዟት፣ ሚስቱ ደውላለት፣ ሁሉን ጥሎ ሐኪም ቤት ሮጦ ነበር። ልጅቷ ተሽሏታል። ቁልፉን እያሳየ ይቅርታ ሲጠይቅ ጋሽ እስቲልየው እጁን ይዘው ጣቶቹን ይጨምቁ ነበር። ቁልፉን ልብም አላሉት።

በማግስቱ ዘበኛው እንዳያስገባቸው ታዘዘ። እኛም ያን ሳምንት ቱቦ ውስጥ የረጋ ሞራ ስንፈቀፍቅ ሰነበትን። ልዋሽ አልፈልግም፣ ወገቤ ሲቆረጥ እኔም ረግሜያቸዋለሁ።

ሥልጠናዬን ጨርሼ ፈተናውን ሳልፍ፣ የፈተና ብረቴን ኪሴ ከትቼ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው። ባለቤታቸው ግድግዳው ሥር ተኝተዋል፤ ጉንጫቸው ሰርጉዷል። ከራስጌያቸው ያለው የመድኃኒት ብልቃጥ ባዶ ነው። በያጁ በየወሩ የቻለውን ይዞ እንደሚመጣ፣ ግን እንደማይዳረስ ነገሩኝ።

ብረቱን አወጣሁላቸው። «ፈታኞቹ አሳለፉኝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ልየው።» ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ስኳድራቸውን አስጠጉ፣ ዓይናቸውን አጨነቆሩ። ዓይናቸውም ደክሟል መሰለኝ፣ ቆዩ። «ብርሃን ያስገባል» አሉ።

«እነሱ እኮ አላዩበትም!»

«እነሱ አላዩም። እኔ አየሁ።»

አልጋው ላይ ባለቤታቸው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። ውኃ አጠጧቸው።

ልሄድ ስነሳ ስለ ማቡኪያው ነገርኳቸው፤ ሰኞ እኔ ነኝ የምገባበት። ፊታቸው ጠቆረ። ሸኝተውኝ በሩን ዘጉ። ከውስጥ እጀታውን ሲነቀንቁ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከዚያ በሩ ተመልሶ ተከፈተ።

«ምነው ጋሼ፣ ተዘግቶ ነበር እኮ።»

«እስቲ ልየው» አሉና ቀኝ እጄን ያዙ። ከአውራ ጣቴ ጀምረው አንድ በአንድ ጨመቁ። ትንሿ ጣቴ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሙሉ ነው። በል ሂድ፣ እንዳይመሽብህ።»

አልሄድኩም። ግራ እጄን ሰጠኋቸው።