«ቤቶች!» ቢሉኝ «አዳራሽ!» አልኩ

እኛ ሐበሾች ቤት የለንም፤ ያለን ቃሉ ብቻ ነው! አትቆጡኝ... ቆጥራችሁ ፍረዱኝ። ወጥ የምንሠራበት ጥግ ወጥ ቤት ነው። የምንጋደምበት መኝታ ቤት ነው። ስሙን በማዕድ ላይ የማናነሣው ስፍራ እንኳ ቤት ተብሏል። ሻይ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት... የገበጣ ጉድጓድ ሳይቀር ቤት ነው! ግጥም ቤት ይመታል። ፊደል በየቤቱ ይሰለፋል፤ ግዕዝ ቤት፣ ካዕብ ቤት እየተባለ። የሥጋ ዘመድ ቤተሰብ፣ የለመደ እንግዳ ቤተኛ። ይህን ሁሉ ቤት የያዘ ሕዝብ ካርቱም ላይ ቢቆጠር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ተገኘ!

ባለቤቴ ታደለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ቁልፍ የሚገባበትን ቀዳዳ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ቁልፍ ቤት! ታደለ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣ «አስካለ፣ በአንድ ሸሚዝ ሰባት ቤት እሠራለሁ። ካርቱም ላይ ከእኔ የበለጠ ቤት የሠራ ተቋራጭ ካለ አሳዪኝ» ይለኝ ነበር።

«ታዲያ ለእኛ አንዱ የት አለ?»

«ሁሉም ቁልፍ ገብቶበታል፤ ማን ያስለቅቀዋል?»

የቄስ ትምህርት ቤት ቀመስ ስለነበረ ቃል መፍታት ይወዳል። «ቤተ» ማለት በግዕዝ አደረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቤት ማለት የሚታደርበት ነው ይላል። ዐረቦቹም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸውና ቤቱን ቤት፣ ያደረውን ዳቦ ደግሞ ባይት ይሉታል። እኔም ነገሩን ይዤ፣ «እኛ ሙቀት ፈርተን የዓመቱን እኩሌታ የምናድረው ግቢው ላይ ነው። እንግዲህ ቤታችን ግቢው ነዋ! ክፍሏስ ምናችን ናት?» አልኩት።

«እሷማ ቁም ሣጥናችን ናት!» አለኝ ሳያቅማማ።

የካርቱም ዳር ሰፈር ሶባ ያለችው ቁም ሣጥናችን፣ ወርዷም ቁመቷም አራት አራት እርምጃ ነው። ታደለ ከደንበኞቹ ልብስ በተረፈ ቁርጥራጭ መጋረጃ ሰፍቶ መሐሏ ላይ ሰቀለ። ከመጋረጃው ወዲህ እልፍኝ፣ ወዲያ ጓዳ ተባለ። የአልጋው ግርጌ ዕቃ ቤት ሆነ። ከበሩ ኋላ ወለሉ ትንሽ ሰምጦ ስለነበር ምድር ቤት የሚል ስም ወጣለት። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጃችን ምሕረት ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት ቤታችሁን ሣሉ ቢሏት ይህንኑ አሰማምራ ሣለች። አስተማሪዋ አባትሽ ሚኒስትር ነው ወይ ብላ ጠይቃታለች!

ታደለ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ይህቺን ወግ እንኳ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንድ መስመር ጽፌ ቀና ስል ያው መጋረጃ ነው የማየው። በሰዋስው ድርጊቱን የሚፈጽመውን ባለቤት ይሉት የለ? የኔ ዓረፍተ ነገር ዘንድሮ ባለቤት የለውም። በዚያ ላይ የአገራችን እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ምን ብሎ ይጣራል? «ቤቶች!» በብዙ ቁጥር! ውስጥ ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

እንዲህ ብለው ከመጡብኝ አንዱ ጋሽ ታምሩ ነው። ጋሽ ታምሩ የእመቤታችን ማኅበራችን ሙሴ ነው፤ አለቃችን ማለቴ ነው። ወር በወር ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ጠላ እዚህ አገር ፖሊስ ስለሚያስጠራ ጽዋችን የሚሞላው ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ ጭማቂ ነው፤ እመቤታችንም ችግራችንን ታውቃለች።

«ቤቶች!»

«ቤት ለእንግዳ!»

ገባና ጉሮሮውን ጠረገ። «አስካለ፣ ማኅበርተኛው ተማክሮ ነው የላከኝ። የመጪው ወር ተራ የታደለ ነበር...»

«ነበር አይባልም፤ ነው።»

«እሱስ ነው። ግን አንቺም ኀዘን ላይ ነሽ፣ ቤቱም ጠባብ ነው። ለአንድ ጊዜ ጽዋው አንቺን ዘሎ ወደኔ ይለፍ ብለናል።»

ለእናንተ ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። የማኅበር ጽዋ ግን አንድ ጊዜ ከዘለላችሁ መንገዱን ይለምደዋል! መጀመሪያ በርኅራኄ ይዘላችኋል። ቀጥሎ በልማድ ይዘላችኋል። በሦስተኛው «ያቺ ሴትዮ ወደ አገሯ ገባች እንዴ?» ይባላል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ታደለ ቤት» ተብሎ ነው፤ ታደለ ተሰርዞ ቤትም አብሮ ሊሰረዝ ነው። ይህች ተራ ካመለጠችኝ ከዚህ በኋላ ማን ደጄን ይረግጣል?

«ጠባብ?» አልኩት። «ኧረ ጋሽ ታምሩ፣ አዳራሽ አለኝ እኮ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ዐይኑ ከግድግዳ ግድግዳ ዞረ። ብዙ መንገድ አልነበረበትም። «አዳራሽ? የቱ ጋ?»

«ስትመጡ ታዩታላችሁ።»

«ኢንሻላህ» አለ። ሐበሻ ኢንሻላህ ሲላችሁ አላመንኳችሁም ማለቱ ነው።

እዚህ አገር የሥራ ዕረፍቱ ቀን ዓርብ ስለሆነ ቅዱሳኑ ሁሉ ተስማምተው ዓርብ ይውላሉ። ዓርቧ ደረሰች። በጧት መጋረጃውን ስናወርደው አራቱ ቤቶች ባንድ ጊዜ ተደረመሱ። ምሕረት መሐሉ ላይ ቆማ ዞር ዞር አለች።

«ዩማ፣ ጓዳ ወይን?» እማዬ፣ ጓዳው የት ገባ ማለቷ ነው፣ በዐረብኛ።

«ጓዳ የት ይሄዳል? አዳራሹ ውስጥ ገባ!»

አልጋው ግን አልገባም አለ። ዐንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ ነው፤ የታደለ አልጋ። መውጣት አለበት። ፍራሹን በቁመቱ ጠቅልለን፣ ትራሶቹንና የታደለን ካፖርት አስደግፈን አስተኛንበት። አቧራ እንዳይበላው ነጭ አንሶላ አለበስነው። ሁለት የማኅበር ሴቶች ቀድመው ደርሰው ስለነበር አራታችን አራቱን እግር ያዝን፤ አራታችንም በነጭ ነጠላ። መንገዱን ተሻግረን ከጎረቤታችን ከሐጃ ነፊሳ አጥር ሥር፣ ከኒም ዛፉ ጥላ አስቀመጥነው። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ስላረፈድኩ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል... እሺ፣ ሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። አልጋው ለካ እንዲህ ቀላል ነው!

ሐጃ ነፊሳ ከበሯ ላይ ሆና አየችን። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ሮጠች።

«ድስት አርሮባት ነው» አልኩ።

ሱዳን የኖራችሁ አንባቢዎቼ አሁን አፋችሁን በእጃችሁ ይዛችኋል። ያልኖራችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ማኅበርተኞች ከኦምዱርማን፣ ከማዮ ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተጨናንቀው መጥተው፣ ከሐፍላው ወርደው ከሐፍላው የባሰ ውስጥ ገቡ። የማኅበራችንን ቄስ አባን ጨምሮ አሥራ ስድስት ሆንን። የአንዱ ጉልበት የሌላው ጠረጴዛ ሆነ። ዳቦው ተባረከ፤ አሜን ከማለታችን መብራት ሄደ፤ ማራገቢያው አንድ ጊዜ አቃስቶ ቆመ። አዳራሹ ምድጃ ሆነ!

ጋሽ ታምሩ ላቡን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «አዳራሹ የቱ ጋ ነው?»

«ያለህበት ነው!»

«እልፍኙስ?»

«አዳራሽ ሲጠብ እልፍኝ ይባላል።»

ሊስቅ አልቻለም፤ ለመሳቅ የሚሆን አየር አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቴ፣ አንቺን ለማስቀየም አይደለም» አለኝ። «አባን እያቸው፣ ሊወድቁ ነው። በዚህስ አይቻልም። ከእንግዲህ ተራሽን እኛ እንያዝልሽ።»

ዘለለኝ! ያውም እዚያው ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከርከዴዬን ጨብጦ! ወደ ግድግዳው ሳይ የመጋረጃው ሚስማር ብቻውን ቆሟል።

ይህን ጊዜ የጁምዓው ሶላት አልቆ የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ መናገር ጀመረ። ምሕረት አንገቷን ቀና አደረገች።

«ዩማ... ስምሽን ጠሩ።»

«ማን?»

«መስጂዱ። በኡም ምሕረት፣ በምሕረት እናት ቤት ለቅሶ አለ፣ ድረሱ ይላል።»

«ማን ሞተ?» አለ ጋሽ ታምሩ። እርስ በርሳችን ተያየን። አንዷ ሴት በጣቷ መቁጠር ጀመረች... አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ማንም አልጎደለም!

ብንወጣ መንገዱ ተዘግቷል። የመንደሩ ጎረምሶች ድንኳን ተክለው ጨርሰዋል፤ ሰፊ፣ ባለ ጥላ፣ ግራና ቀኙ ለነፋስ የተከፈተ። ወንበሩ ተደርድሯል፤ የቀዘቀዘ ውኃ በበርሜል ቀርቧል። ሐጃ ነፊሳ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ታደለ ያረፈ ጊዜም ሦስት ቀን እንዲህ ይዛኝ ነበር።

«ማነው የኔ እኅት? ማነው የሄደብሽ?»

«ማፊ ዞል ማት!» ብላ ጮኸች ምሕረት። «ማንም አልሞተም፣ ሐጃ!»

«እና ዐንገረቡስ? በዐይኔ አይቻለሁ! ነጭ ለብሶ ሲወጣ!»

ለካ... እዚህ አገር ሬሳ ወደ መቃብር የሚሄደው በዐንገረብ ነው፣ ነጭ ለብሶ። ሃያ ዓመት በዚህ ደጅ ሲያልፍ ያየሁትን ነገር ረስቼ፣ የባሌን ፍራሽ ከፍኜ፣ በአራት ነጭ ለባሽ አሸክሜ፣ እያለቀስኩ አደባባይ አውጥቻለሁ!

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ደረቀ። የሐጃ ነፊሳ ባል ሐጅ ዑስማን ለሟች የሚጸለየውን ፋቲሃ ሊሉ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ነበር። እዚያው አየር ላይ ቀሩ። ወደ እጃቸው አዩ፤ ወደኔ አዩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የተነሣ እጅ ባዶውን አይወርድም። ለማን ልበል?»

አፌ ያለ እኔ ፈቃድ መለሰ። «ለታደለ።»

«ለታደለማ አምና ፋቲሃ ብለንለታል።»

«ይድገሙለት፣ ሐጅ። ሰፊ ነው፤ አይሞላም።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና እጁን ዘረጋ። መንገድ ሙሉ ሰው ለኔ ልብስ ሰፊ እጁን ዘረጋ። እነሱ በየከንፈራቸው ፋቲሃቸውን ሲሉ አባም ከጎናቸው ቆመው በግዕዝ ፍትሐቱን ደገሙለት። ታደለ ይህን ቢያይ ሁለቱንም ቃል በቃል ይፈታልን ነበር።

ማኅበሩ ከምድጃው ወጥቶ ድንኳን ገባ። የሐጃ ነፊሳ ሰኒያ፣ ያ ትልቁ የምግብ ትሪ፣ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ መጣ፤ ዳር እስከ ዳር ሥጋ! እኛ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ጾም። አባ ፈጥነው፣ «እንግዶቻችን ይብሉልን» አሉ፤ ባለ ድንኳኖቹን እንግዳ አደረጓቸው። ጎረቤቶቻችን ሥጋቸውን በልተው፣ ምስራችንን አጋምሰው፣ ዳቦአችንን አመሰገኑ። ጋሽ ታምሩ እጁን ሰበሰበ፤ ዐይኑ ግን ጾሙን ሦስት ጊዜ ፈታ።

ሊበተኑ ሲሉ ጋሽ ታምሩ መዝገቡን ከፈተ። «ታደለ ቤት» የሚለው ላይ ብዕሩን እንዳሳረፈ ወደ አባ ቀና አለ። አባ መታገሥ አልቻሉም። «ምን ታስባለህ? ጻፍ እንጂ! ከዚህ የበለጠ አዳራሽ ያለው ማኅበርተኛ አለህ?»

ጋሽ ታምሩ ጻፈ። ታደለን አልሰረዘውም፤ ከጎኑ ነው የጨመረኝ። «ታደለና አስካለ ቤት።» ከዓመት በኋላ ዓረፍተ ነገሬ ባለቤት አገኘ፤ ያውም ሁለት!

አልጋውን አስገብተን ድንኳኑን ልናፈርስ ስንነሣ ሐጅ ዑስማን ከለከሉን፤ የተተከለ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሣም አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሶባ ውስጥ የአዳራሽ ባለቤት ነበርኩ። የሐጃ ነፊሳ ሴቶች እየመጡ ሻይ ጠጡብኝ። ምሕረት መጋረጃውን መልሳ ሰቀለችው፤ ጓዳም ወደ ቦታው ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን፣ «ቤቶች!»

ጋሽ ታምሩ ነው። ገባ፤ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«እቴ አስካለ፣ የመጪው ወር ተራ የኔ ነው። እንደምታውቂው ኦምዱርማን ያለችው ክፍሌ... ከዚህችም ትጠባለች።»

«ምን ላግዝህ ታዲያ?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያንን አልጋ ታውሺኛለሽ?»

«አልጋውን ውሰድ» አልኩት። «ሽንኩርቱን ግን ራስህ ክተፍ።»